ሻንጣው በማን እጅ ነው?

ናሪታ አየር ማረፊያ፣ ከጉምሩክ በር ወጣ እንዳሉ ነው። በሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ የሚገኙ አንዲት እናት ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ሁለት ግዙፍ ሻንጣ የተጫነበትን ጋሪ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቆመዋል። ከፊታቸው ሊቀበላቸው ከኪዮቶ የመጣው አማቻቸው አለ። ከእሱ ጀርባ አንድ የአገልግሎት መስኮት ይታያል፤ ምልክቱ ግልገሏን በአፏ አንጠልጥላ የምትሄድ ጥቁር ድመት ናት።

«እማማ፣ ሻንጣውን እዚህ ሰጥተን እኛ እጃችንን ነፃ አድርገን እንሂድ» ይላል አማች።

«ለማን ነው የምንሰጠው?»

«ለእነዚህ ልጆች። ኪዮቶ፣ ቤት ድረስ ያመጡልናል።»

«ታውቃቸዋለህ?»

«ኧረ አላውቃቸውም።»

«ታዲያ!»

ይህች «ታዲያ» ብዙ ነገር ይዛለች። የማያውቁት ሰው ዘንድ ዕቃ አይቀመጥም፤ በማያውቁት ሰው ላይ አደራ አይጣልም። እናትየዋ ይህን ከመጽሐፍ አላነበቡትም። ከፍለውበታል።

ነገሩ የጀመረው አዲስ አበባ ነው። ኪዮቶ የምትኖረው ልጃቸው ልትወልድ መቃረቧ ሲሰማ ቤቱ መሰናዶ ጀመረ። አራስ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። ልጅቷ በስልክ ደጋግማ አስጠንቅቃለች፦ «ሥጋ ነክ ነገር ጃፓን አይገባም፤ ቋንጣ እንዳታስቢ። ጥሬ እህልና ዘር አትያዢ። የተቆላና የተፈጨ ብቻ። የያዝሽውን ደግሞ ፎርሙ ላይ ሳትደብቂ ሙይው።» እናት የተባሉትን ፈጸሙ። የገንፎ ዱቄት፣ በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ የተቆላ ቡና፣ ለአራሷ ቀሚስ፣ ለሕፃኑ ፎጣና ልብስ ተዘጋጀ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዚህ መስመር ለኢኮኖሚ መንገደኛ ሁለት ሻንጣ ይፈቅዳል፤ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። 46 ኪሎ ሲሰሙት ብዙ ነው። ሰፈር ውስጥ «ጃፓን ልትሄድ ነው» ከተባለ በኋላ ግን 46ቱ ኪሎ የመንገደኛው ብቻ መሆኑ ይቀራል። አንዷ «ግማሽ ኪሎ በርበሬ ናት፣ ምንም አትከብድም» ብላ ትመጣለች። ሌላው ሁለት መጽሐፍ ይልካል። በመጨረሻ፣ ማታ፣ ሻንጣው ተዘግቶ ካበቃ በኋላ፣ ልጃቸው ኦሳካ ያለ ጎረቤት በእጃቸው የፈተሉትን ጥጥ ያሸመኑበትን ጋቢ በፌስታል ይዘው ደረሱ። «ብርድ ነው አሉኝ አገሩ። ይቺን ለብሶ ይተኛልኝ። አደራሽን፣ ከእጅሽ እንዳትለይ።»

ሻንጣው እንደገና ተከፈተ። ጋቢው ገባ። ዚፑ እንዲዘጋ ሁለት ሰው ተቀመጠበት። በማግስቱ ቦሌ፣ ሚዛኑ ላይ 25 ኪሎ ሲል፣ እንደ ብዙው ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ወለሉ ላይ ከፍተው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያዘዋውሩ፣ ካፖርታቸውን ሲደርቡ፣ ቡናውን በእጅ ቦርሳቸው ሲከቱ ቆዩ። ከዚያ በኢንቼን በኩል አልፈው ናሪታ ገቡ። ረጅም መንገድ ነው። እግራቸው አብጧል። ያም ሆኖ እጃቸው ጋሪውን አልለቀቀም።

ለዚህ ምክንያት አላቸው። ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ጅዳ ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር 2006 ዓ.ም. እንደገባ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ሕጋዊ ወረቀት የላቸውም ያለቻቸውን የውጭ ሠራተኞች ማስወጣት ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። እሳቸውም ከእነዚያ መካከል ነበሩ። ነገሩ ከመክፋቱ በፊት፣ «ዕቃሽን ቀደም ብለሽ ላኪ» ተብለው፣ በሰባት ዓመት ያጠራቀሙትን ለአንድ የካርጎ ሰው አስረከቡ። ብርድ ልብስ፣ የድስት ስብስብ፣ ቴሌቪዥን፣ ደግሞም ያኔ ተማሪ ለነበረችው ለዚህችው ልጃቸው የገዙትን ላፕቶፕ። ሰውየው ስልክ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ሰጣቸው። «በሁለት ወር አዲስ አበባ ነው፤ እንዳታስቢ» አለ።

ካርቶኑ አልደረሰም። ስልኩ መጀመሪያ «መርከብ ላይ ነው» አለ፤ ቀጥሎ «ጉምሩክ ይዞት ነው» አለ፤ ቀጥሎ መነሳት ተወ። ያቺን ቁራጭ ወረቀት ፊደሏ እስኪለቅ ድረስ ከመታወቂያቸው ጋር ይዘዋት ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ማሉ፦ ሻንጣዬ ከእጄ አይወጣም።

አማችየው ይህን ታሪክ ያውቃል። ቢሆንም ሌላ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ከናሪታ ኪዮቶ ያለውን መንገድ። ከአየር ማረፊያው ቶኪዮ ከተማ ለመግባት በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከዚያ ሕዝብ እንደ ጎርፍ በሚተላለፍበት ጣቢያ፣ በደረጃና በአሳንሰር፣ ባቡር መቀየር አለ። ከዚያ ሺንካንሰን የሚባለው ፈጣኑ ባቡር ኪዮቶ ለመድረስ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ያልፈዋል። ባቡሩ ጣቢያ ላይ የሚቆመው ለደቂቃዎች ነው፤ «ቆይ፣ ሻንጣዬን ላውርድ» የሚባልበት አይደለም።

ሕግም አለው። ከግንቦት 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 2020) ጀምሮ በዚህ መስመር፣ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ ተደምሮ ከ160 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ሻንጣ የያዘ ሰው፣ ለትልቅ ሻንጣ ቦታ ያለውን ወንበር አስቀድሞ መያዝ አለበት። ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ የለም። ሳያስይዝ ከተሳፈረ ግን 1,000 የን ይከፍላል። ከ250 ሳንቲ ሜትር የሚያልፈውን ጭራሽ አያሳፍሩም። አየር መንገዶች በተለምዶ የሚቀበሉት ሻንጣ በዚሁ ስሌት እስከ 158 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ መደበኛው ሻንጣ ለጥቂት ያልፋል። ሁለት ሰው ተቀምጦበት የተዘጋው፣ ሆዱ የተነፋው ሻንጣ ግን ለሜትር ዝግጁ አይደለም።

ጃፓኖች ራሳቸው ይህን ችግር የሚያልፉት ሻንጣውን ባለመያዝ ነው። ዕቃው በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ሰውየው በሌላ። «ታክዩቢን» ይሉታል። አየር ማረፊያ ላይ፣ ሆቴል እንግዳ መቀበያው ዘንድ ወይም መንገድ ዳር ካለ ሱቅ ሻንጣውን ያስረክቡታል። አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ፣ ሩቅ ከሆነ ወይም የዕለቱ መረከቢያ ሰዓት ካለፈ አንድ ቀን ጨምሮ፣ የተባለው በር ላይ ይደርሳል። ክፍያው እንደ መጠኑና እንደ ርቀቱ ለአንድ ሻንጣ ጥቂት ሺህ የን ነው።

አገልግሎቱ እንደ ተራራው ከጥንት የነበረ አይደለም። ያማቶ የተባለው የጭነት ኩባንያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። ለብዙ ዘመን የሚያጓጉዘው የትላልቅ ድርጅቶችን ዕቃ ነበር። በ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ሲንርና ሥራው ሲዳከም፣ ከአባቱ የተረከበው ማሳኦ ኦጉራ ሌላ ሐሳብ አመጣ፤ ከተራው ሰው ቤት አንዲት ካርቶን ተቀብሎ ሌላ ተራ ሰው ቤት ማድረስ። «አንድ አንድ ካርቶን እየለቀሙ ምን ትርፍ አለው?» የሚለው ጥርጣሬ በራሱ ኩባንያ ውስጥም ነበር። አገልግሎቱ በጃንዋሪ 1976 ሲጀመር በመጀመሪያው ቀን የተረከበው 11 ዕቃ ብቻ ነው። አሥራ አንድ! በ1983 በረዶ ላይ ሊንሸራተቱ ተራራ ለሚወጡ ሰዎች የስኪ ዕቃቸውን ቀድሞ የሚያደርስ አገልግሎት ጨመረ፤ በዓመቱ የጎልፍ ቦርሳ ተከተለ። አዳዲስ መስመሮች ላይ ለመሥራት ያቀረበው የፈቃድ ጥያቄ ለዓመታት ሲጓተትበት፣ በ1986 የትራንስፖርት ሚኒስትሩን ፍርድ ቤት አቆመ። ዛሬ በጃፓን ሰው ረጅምና ከባድ ዕቃ ተሸክሞ ሲጓዝ ብዙም የማይታየው፣ እንዲህ ያለ ትግል ከጀርባው ስላለ ነው።

ወደ ናሪታ መስኮት እንመለስ።

አማችየው የመጨረሻውን ካርድ መዘዘ። «እማማ፣ እኔም አላውቃቸውም፤ ግን የሚሠሩትን ይዩትና ካልወደዱት እንተወዋለን።» እናት ጋሪውን ሳይለቁ ቀረብ አሉ።

መስኮቱ ላይ ያለችው ወጣት ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ሜትር አውጥታ የሻንጣውን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ለካች። ሚዛን ላይ አወጣችው። በውስጡ ጥሬ ገንዘብ ወይም ፓስፖርት አለ ወይ ብላ ጠየቀች፤ እነዚህን አይቀበሉም። የሚሰበር አለ ወይ አለች። አድራሻ፣ ስልክ ቁጥር፣ የተቀባይ ስም ተጻፈ። ሻንጣው የሚደርስበት ቀን ተወሰነ፤ መሽቶ ስለነበር የሚነሳው በማግስቱ ነው፣ በሦስተኛው ቀን ይደርሳል። ሰዓቱም ተመረጠ፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ። ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ በወጉ መሠረት ለአንድ ዕቃ እስከ 300,000 የን ኃላፊነት እንዳለባቸው አማችየው ተረጎመላቸው።

«ቢጠፋ ይከፍላሉ?»

«ይከፍላሉ።»

«ተጽፏል?»

«ተጽፏል።»

እናት ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ሻንጣውን ወለሉ ላይ አስተኝተው፣ ልክ እንደ ቦሌው፣ ከፈቱት። ሁለት ነገር አወጡ። አንደኛው ኪሎ የማይሞላ የገንፎ ዱቄት ነው፤ «ልጄ ዛሬም ነገም ሳትበላ አታድርም።» ሁለተኛው የጎረቤታቸው ጋቢ ነው። «ይቺ ከእጄ አትወጣም ብያለሁ። ሌላውን ውሰዱት።»

ወጣቷ የወረቀቱን ቅጂ በሁለት እጇ አቀረበች። እናትም በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ያን ጊዜ ሁለቱ አገሮች ለአፍታ ተመሳሰሉ፤ ከልብ የሚሰጥና የሚቀበል ሰው በአንድ እጁ አያደርገውምና።

ያን ሌሊት አየር ማረፊያው አጠገብ ሆቴል አደሩ። በማግስቱ ሺንካንሰኑ ውስጥ አማችየው በመስኮቱ እያሳየ «እማማ፣ ፉጂ ተራራ ያውልዎት» አለ።

«አየሁት። ሻንጣው አሁን የት ደርሶ ይሆን?»

ስልኩን አውጥቶ የወረቀቱን ቁጥር አስገባ። መቼ እንደተረከቡት፣ ከየት እንደተነሳ ተጽፎ ወጣ። እናት መነጽራቸውን አድርገው የማያነቡትን ፊደል ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሩና፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ እንዲህ አሉ፦

«ያን የጅዳውን ሰውዬ'ኮ አውቀው ነበር። የጓደኛዬ አገር ልጅ ነው። ቤቷ ቡና ጠጥተናል።»

አማችየው ምንም አልመለሰም።

እዚህ ላይ ነው የጉዳዩ እምብርት። «ታውቀዋለህ?» የሚለው ጥያቄ በእኛ ዘንድ የአደራ ሁሉ መነሻ ነው። ሰው ከአዲስ አበባ ደሴ ወይም ጎንደር ዕቃ ሲልክ አውቶቡስ ተራ ሄዶ ሹፌሩን ወይም ረዳቱን ያገኛል፤ ትንሽ ብር ይሰጣል፤ ከዚያ ደውሎ «ታርጋው ይሄ ነው፣ የሹፌሩ ስልክ ይሄው፣ መናኸሪያ ጠብቀው» ይላል። ዕቃው ብዙ ጊዜ ይደርሳል። ይህን አሠራር መናቅ አይገባም። ያለ ኮምፒውተርና ያለ ቢሮ፣ በሰው ቃል ብቻ፣ መድኃኒት ለታመመ፣ ማር ለዘመድ፣ ሰነድ ለጉዳይ ፈጻሚ ሲያደርስ የኖረ ነው። ወደ ውጭ አገር በሚሄድ መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ የሚገባው በርበሬና ጋቢም የዚሁ ባህል ልጅ ነው።

ድክመቱ የሚታየው ነገር ሲበላሽ ነው። ዕቃው የጠፋ ቀን በእጅ ያለው ምንድን ነው? የሰውየው ስም፣ ስልክና ትዝታ። «ምን ጎደለ?» ተብሎ የሚታይ ዝርዝር የለም። «መቼ ይድረስ ነበር?» የሚል ቀን የለም። «ስንት ይከፈል?» የሚል ውል የለም። ገፍቶ የጠየቀ ሰው ደግሞ «አላመንሽኝም ማለት ነው?» ይባላል፤ ጥያቄው ራሱ ስድብ ይሆናል። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ያጣውን አጥቶ ዝም ይላል። መንገደኛውም በበኩሉ አደጋ ተሸክሟል። ውስጡ ምን እንዳለ ሳያይ የሰው ዕቃ ተቀብሎ በሰው አገር እስር ቤት የገባ መንገደኛ ወሬ ለማንም አዲስ አይደለም።

ናሪታ ላይ ያለችው ወጣት ከጅዳው ሰውዬ የበለጠች ደግ ላትሆን ትችላለች። ልዩነቱ የእሷ ደግነት ላይ የቆመ ነገር አለመኖሩ ነው። ብትታመም ሌላ ሰው ይተካል፤ ቁጥሩ ግን ያው ነው። እናትየዋ ወጣቷን አላመኗትም፤ የተለካውን፣ የተጻፈውንና የሚጠየቅበትን ነገር ነው ያመኑት። አደራ በሰው ጠባይ ላይ ብቻ ሲቆም ጥሩ ሰው እስኪገኝ ይጠበቃል። በአሠራር ላይ ሲቆም ግን ተራ ሰውም፣ ደክሞት የዋለ ሰውም፣ አደራ ጠባቂ ይሆናል።

ይህ የጃፓን ወግ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። ከጅዳም፣ ከቤይሩትም፣ ከዱባይም ዕቃ የሚልክ ሰው ካርቶኑን ከማስረከቡ በፊት አራት ነገር ቢጠይቅ ነውር የለበትም። ምን ምን እንዳስረከብኩ የት ተጽፏል? በየትኛው ቁጥር እከታተለዋለሁ? በየትኛው ቀን፣ የት ይደርሳል? ቢጠፋ ስንት ትከፍላለህ? አራቱን በወረቀት የሚመልስ ሰው ባያውቁትም ይሞከራል። አንዱንም የማይመልስ ሰው የአክስት ልጅ ቢሆን ይታለፋል። ከአገር ልጅነት የሚቀድም ጥያቄ ነውና።

በሦስተኛው ቀን ማምሻውን ኪዮቶ ያለው ቤት ደወል ተደወለ። ከተባለው ሰዓት አላለፈም። አንድ ወጣት የደንብ ልብስ እንደለበሰ፣ ሁለቱን ሻንጣ ከመኪናው አውርዶ ደረጃውን አውጥቶ በሩ ላይ አቁሟል። ላብ ግንባሩ ላይ ያብረቀርቃል። ፊርማ ተቀበለ፣ ጎንበስ ብሎ አመሰገነ።

«ውሃ ስጡት እንጂ! ኧረ ቡና ፈልቷል፣ አረፍ በል በሉት!» አሉ እናት።

«አይችልም እማማ፣ ሥራ ላይ ነው።»

ወጣቱ ተመልሶ ወረደ። ወረደ ሳይሆን ሮጠ። እናት በረንዳ ላይ ወጥተው መኪናው ጋ ደርሶ ሌላ ካርቶን ሲያወጣ አዩት።

«ገና ስንት ቤት ይቀረዋል?»

«እንጃ። ብዙ።»

«እናቱስ እንዲህ ሲሮጥ እንደሚውል ታውቃለች?»

የዚህ ጥያቄ መልስ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ያማቶ ለሠራተኞቹ ያልከፈለው የትርፍ ሰዓት ሥራ እንዳለ በይፋ አምኖ ውዝፉን ለመክፈል ተገዷል። በበይነ መረብ የሚገዛው ዕቃ በዝቶ ሾፌሮቹ ምሳ ለመብላት እንኳ ጊዜ አጥተው ነበር። በዚያው ዓመት ከእኩለ ቀን በኋላ ያለው አንድ የማድረሻ ሰዓት ከምርጫው ተሰረዘ፤ ዋጋም ተጨመረ። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ደግሞ በጃፓን የጭነት መኪና አሽከርካሪ በዓመት ከ960 ሰዓት በላይ ትርፍ ሰዓት እንዳይሠራ ሕግ ገድቧል። አገሩ አሁን በቂ ሾፌር ከየት እናምጣ በሚል ጭንቀት ላይ ነው።

መርካቶ ጀርባው ላይ ማዳበሪያ ተሸክሞ «ዞር በሉ!» እያለ የሚያልፈውን ሰው ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሸክም አይጠፋም፤ ትከሻ ይቀይራል። እጃችንን እያወዛወዝን ስንሄድ ሌላ ሰው ይዞልን ነው። ስለዚህ ለአገልግሎቱ የሚከፈለው ጥቂት ሺህ የን ውድ መስሎ ከታየ፣ ያንን ደረጃ 23 ኪሎ ይዞ መውጣት ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ ማሰብ ይጠቅማል። በተባለው ሰዓት ቤት አለመገኘትም ቀላል ጥፋት አይደለም፤ ያ ወጣት ደረጃውን ሁለት ጊዜ ይወጣዋል ማለት ነው።

ይህን አገልግሎት ለሚጠቀም መንገደኛ የእናትየዋ ጉዞ የሚያስተምረው ጥቂት ነገር አለ። ሻንጣው ቢያንስ አንድ ሌሊት ከእጅ ውጭ ያድራል፤ ስለዚህ መድኃኒት፣ ፓስፖርት፣ ገንዘብ፣ የስልክ ቻርጀርና አንድ ቅያሪ ልብስ በእጅ ቦርሳ ይሁን። የሚያርፉበት ሆቴል ከሆነ ስሙንና አድራሻውን በጃፓንኛ ጽፎ መያዝ፣ ክፍሉ በተያዘበት ስም መላክ፣ ለሆቴሉም አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ወደ አየር ማረፊያ ሲመለሱ በመጨረሻው ሰዓት አይሆንም፤ ሻንጣው ከበረራው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ይላካል። ወረቀቱ ደግሞ አይጣልም።

ኪዮቶ ውስጥ ሻንጣው ተከፈተ። የበርበሬው ሽታ ቤቱን ሞላው፤ አራሷ አልጋዋ ላይ ሆና ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። እናት አንድ በአንድ ቆጠሩ። ሽሮው አለ። በሶው አለ። የሰው መጽሐፍ አለ። ቀሚሱ አለ። ምንም አልጎደለም። ቆጥረው ሲጨርሱ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ፤ የደከማቸው ያኔ ነው።

ከሳምንት በኋላ የጋቢው ነገር ተነሳ። ኦሳካ ከኪዮቶ በፈጣኑ ተራ ባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ልጅቷ «በዚያው በጥቁር ድመቱ እንላክለት፤ ነገ ይደርሰዋል፣ አንቺም አትደክሚም» አለች።

«አይሆንም።»

«አሁንም አላመንሻቸውም?»

«አምኛቸዋለሁ። እሱ ዕቃ ነው ያልኩትን አድርሰዋል። ይቺን ግን እናቱ ከእጅሽ እንዳትለይ ነው ያለችኝ። ፊቱን አይቼ፣ ከሳ ወፈረ ብዬ ልነግራት ነው የሰጠችኝ።»

እሑድ ዕለት አማቻቸውን አስከትለው ኦሳካ ሄዱ። በእጃቸው ከጋቢው ሌላ ምንም አልነበረም፤ ደረጃውን ሲወጡም ጉልበታቸው አላስቸገራቸውም። ልጁ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ጋቢውን ተቀብሎ ፊቱን ቀበረበት። እናት እዚያው ቆመው ለጎረቤታቸው ደወሉ፦ «ደርሷል። ለብሶታል። ትንሽ ከስቷል፣ ግን ደህና ነው።» ይህን የመሰለ መልእክት የሚያደርስ ኩባንያ የለም። ከባዱን ሌላ ሰው ስለያዘላቸው ግን እሳቸው ለዚህ የሚሆን ጉልበት ተረፋቸው።

የመመለሻቸው ቀን ሲቃረብ ሻንጣዎቹ በሌላ ነገር ተሞሉ። ለዕድሩ፣ ለጎረቤቱ፣ ለሰፈር ልጆች። በረራው ሁለት ቀን ሲቀረው ከቤቱ አጠገብ ወዳለው ሱቅ ጎትተው ወሰዷቸው። ልጁ ሜትሩን አወጣ፣ ለካ፣ ጻፈ። አማችየው ከፍሎ ለመውጣት ዞር ሲል እናት አልተንቀሳቀሱም። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው፣ ግራውን ከክርናቸው ሥር ደግፈው፣ በአማርኛ ጠየቁ፦

«ወረቀቷስ፣ ልጄ?»

ሻጩ ቋንቋውን ባያውቅም ነገሩ ገባው። በሁለት እጁ ሰጣቸው። አጣጥፈው ከፓስፖርታቸው ጋር አስቀመጧትና የልጅ ልጃቸውን ለማቀፍ ወደ ቤት ሄዱ።